ማሽን ያረደው ሥጋ

ወረታን ለቀን የወጣነው ከመግሪብ በኋላ፣ በአንድ የእህል ነጋዴ መኪና ላይ፣ በባዶ ጆንያ ተሸፍነን ነው። መድፉ ከደብረ ታቦር በኩል እየቀረበ ነበር። አባቴ አልጋ ላይ ስለዋለ እናቴ ጥላው መሄድ አልቻለችም፤ እኔንና ትንሹን ወንድሜን ኑሩን ብቻ አሳፈረችን። የኑሩን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ፣ "እኔ እስክመጣ ክርስቲያን ያረደውን እንዳትበላ፣ እሽ?" አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ገና አምስት ዓመቱ ነበር።

ባሕር ዳር ያሳረፉን ጣና ዳር፣ ሸራ በተወጠረበት ሜዳ ላይ ነው። ከየአገሩ የሸሸ፣ እናት አባቱ የጠፉበት ልጅ ሁሉ እዚያ ተኮልኩሏል። ዛሬ በምኖርበት በስዊድን ሰዎች ለመዝናናት ብለው ሐይቅ ዳር ድንኳን ይተክላሉ።

መጀመሪያ ላይ የስንዴ ንፍሮ ነበረን። መንገዱ ሲዘጋ ስንዴው አለቀና ከጦሩ ግምጃ ቤት የቆርቆሮ ሥጋ መጣ። ማን ይንካው! እስላሙም ክርስቲያኑም ልጅ ሳህኑን ይዞ ቁጭ አለ። የመጠለያው ኃላፊ በንዴት ጦፈ።

"ለምንድን ነው የማትበሉት?"

"ማን እንዳረደው አናውቅማ፣ ጓድ" አለችው ወጥ ሠሪያችን፣ ክርስቲያኗ እትየ አለሚቱ።

"ማሽን ነው ያረደው! ፋብሪካ!"

"ማሽኑስ እስላም ነው ክርስቲያን?"

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ኃላፊው ግን "ረኃብ ያስበላችኋል" ብሎን ሄደ።

አስበላንም። በኋላ አንድ ቄስና አንድ ሼህ ተጠርተው መጡ። ሼሁ "ነፍስ ለማዳን ሲሆን አላህ መሓሪ ነው" ብለው ራሳቸው ቀድመው ጎረሱ። እኔም በላሁ፤ ሁሉም በላ። ኑሩ ግን አፉን ገጠመ።

"ከበላሁ እማ አትመጣም" አለኝ።

ለመንኩት፣ ቆነጠጥኩት፣ አለቀስኩ። ሼሁ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቢያባብሉት፣ "እርስዎ እማን አያውቋትም" አላቸው።

እትየ አለሚቱ "ዓሣ እንደሁ አራጅ የለው!" ብላ ወደ ሐይቁ ሮጠች። ታንኳ ግን ወንበዴ ያሻግራል ተብሎ ተከልክሎ፣ አጥማጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በጠባቂዎቹ ወታደሮች እግር ላይ እየወደቀች ለመነች። ፈቅደውላት ዓሣ ይዛ ስትመለስ ኑሩ ራሱን ቀና ማድረግ አቅቶታል። መረቁን በማንኪያ አጠጣችው። "ይጣፍጣል" አለ። ሆዱ ግን አልያዘለትም፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ እቅፏ ውስጥ አረፈ። እስከ እስላም መቃብር ድረስ ለማንም አልሰጥም ብላ የተሸከመችው እሷ ናት።

መንገዱ ሲከፈት እናቴ መጣች። ወባ ነው አልኳት።

ዓመታት አልፈው እዚህ አገር ስገባ፣ የስደተኞች ቢሮ ሴትዮ ወንድሜ በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ። "ጥይት ነው ወይስ ቦንብ?"

"የእናቱን ቃል አክብሮ ነው" አልኩ።

አስተርጓሚው "በረኃብ" አላት። እሱም አልዋሸም።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ስልክ ስደውልላት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ጉልበቷ ታወራኝና ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

"ያ ልጅ ሲሄድ ሆዱ ባዶ ነበር?"

"በልቷል እማ። ዓሣ በልቷል።"

"አልሐምዱሊላህ።" ስታለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ አፍንጫዋን ትጠርግና፣ "አንችስ ልጄ፣ እዚያ አገር ሥጋውን ማን ነው የሚያርደው? አደራሽን፣ ሳታውቂ እንዳትበይ" ትለኛለች።

"እሽ እማ" እላታለሁ።