ግቢው ቧንቧ ላይ የተንጠለጠለው ሳሙና

ኦርቫል ስቲድሃም የእህቴ ባል ነው፤ አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። በኬንታኪ ተራሮች መካከል ባለችው ሸለቋችን ግን እንደ እሱ የሚፈለግ ሰው አልነበረም፤ የመርዝ ሐረግ፣ ያ ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነ ቆዳ የሚያቆስል የዱር ሐረግ፣ አይነካውማ። እኛ ሌሎቻችን ሐረጉን ገና ከሩቅ ስናየው ቆዳችን ያሳክከናል። "ሦስት ቅጠል ካየህ እጅህን ሰብስብ" እየተባልን ነው ያደግነው። እሱ ግን እንደ ጎመን ይቀነጥሰዋል።

በየግንቦቱ፣ ሁሉም የዘመዱን መቃብር የሚያጸዳበት እሑድ ሲቃረብ፣ አገሩ በሙሉ ኦርቫልን ይጠራል። ሐረጉ የሙታኖቻችንን ድንጋይ ያለብሰዋል፤ ከእሱ በቀር የሚደፍረው የለም። ነቅሎ ሲጨርስ ቅጠሉን ጉንጩ ላይ እያሸ ሴቶቹ ፊት ይንጎራደዳል።

"አያችሁ? የኔን ደም መርዝ ራሱ ይፈራዋል!"

እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሐረጉ እሱን ይለፈው እንጂ እህቴን ዜላን ከሸሚዙ ላይ፣ ከውሻው ፀጉር ላይ፣ ከመጥረቢያው እጀታ ላይ ያገኛታል። ክንዷ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈርጣል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይጀምራል። ከጅረቱ ዳር የሚበቅለውን ውሃማ ቅጠል ቀጥቅጣ ትለጥፋለች፤ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ እጇን ትነክራለች። አንድ ጊዜ የክሊኒኩ ነርስ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው።

"ሽፍታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። የሚጋባው የሐረጉ ዘይት ነው፤ ዕቃ ላይ ዓመት ይቆያል። አቶ ኦርቫል፣ ከሥራ ሲመለሱ ቤት ሳይገቡ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ። ልብስዎ ለብቻው ይታጠብ፣ መሣሪያዎም እንደዚሁ። ደግሞ ዛሬ ስላልነካዎት ነገም አይነካኝም አይበሉ።"

"ለቅጠል ብዬ የምርበተበት መሰልኩሽ?" አላት።

ዜላ የዚያኑ ዕለት አንድ ሳሙና አሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ ከትታ ግቢው ቧንቧ ላይ አንጠለጠለችው። በትዳሯ ከእሱ የለመነችው ይህን ብቻ ነው። ሳሙናው ዝናብ ካልመታው በቀር ሲያንስ አላየሁም።

"ዛሬም ሳትታጠብ ገባህ?" ትለዋለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ደምሽ ደካማ ነው። እሱን ሳሙና አያድነውም።"

እናታችን የሞተችው አምና በሰኔ ነው። ኦርቫል የመቃብሩን ቦታ ሊያጸዳ ወጣ፤ እውነት ለመናገር አሳምሮ አጸዳው። ሲመለስ ዜላ ወጥ ቤት ተቀምጣ ታለቅሳለች። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራቸው እንዲያ ሲሆን አይቼው አላውቅም፤ አጠገቧ ተንበረከከና በሁለት መዳፉ እንባዋን ጠረገላት። ጉንጯን፣ ዐይኗን፣ እንደገና ጉንጯን።

"አይዞሽ" አላት።

ዜላ እጁን አየችው። ጥፍሩ ሥር የሐረጉ ዘይት ጠቁሮ ነበር። ያኔውኑ ሮጣ መታጠብ ትችል ነበር፤ አልተነሳችም። ያ እጅ ከፊቷ ላይ እንዲነሳ አልፈለገችም።

በሦስተኛው ቀን የአስከሬኑ ሣጥን ተከፍቶ ስንሰናበት የእህቴ ዐይኖች እንደ ሊጥ ኩፍ ብለው ተዘግተዋል። እጇን ይዤ አቀረብኳት።

"ዱዊት፣ እማዬ የቱን ለብሳለች?" አለችኝ።

"ሰማያዊውን።"

"ፊቷስ?"

"ደህና ነው። የተኛች ነው የምትመስለው።"

በፋሻ በተጠቀለለ ጣቷ የእናታችንን ፊት ዳሰሰችው፤ በፋሻው ግን ምንም እንዳልተሰማት በኋላ ነገረችኝ። ኦርቫል ከኋላችን ለጎረቤቱ "ደካማ ደም ብያችሁ የለ" ሲል ሰማሁት። ያን ቀን ልገድለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሳሙናው ተናግራ አታውቅም። ልብሱን ማጠብም ተወች።

ዘንድሮ በግንቦት ኦርቫል የነቀለውን ሐረግ ከመቃብሩ አጥር ሥር ከምሮ እሳት ለቀቀበት። ይህን ዓይነት ሥራ በእኛ አገር ሕፃን እንኳ አይሠራውም፤ ዘይቱ ከጭሱ ጋር ይወጣል። እሱ ጭሱ መሀል ቆሞ አፉን ከፍቶ ሳቀ። ስልሳ አራት ዓመት የፈራው መርዝ ያን ቀን አልፈራውም።

ሐኪም ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ጉሮሮው ቆስሎ፣ ፊቱ አብጦ፣ ዐይኑ ተዘግቶ ነበር። ለመቆም አቅም የለውም። ከተዘጋው ዐይኑ ጠርዝ እንባ ይወርዳል፤ ያቃጥለዋል መሰለኝ።

"ዜላ" አለ በተሰነጠቀ ድምፁ። "ዜላዬ፣ እጅሽን ስጪኝ።"

እህቴ የጎማ ጓንቷን እንዳጠለቀች በሩ ላይ ቆማ ትኩር ብላ አየችው።

"መጀመሪያ ታጠብ" አለችውና ወጣች።

ቧንቧው ከአልጋው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሳሙናው ዛሬም እዚያው ተንጠልጥሏል። ኦርቫል እጁን ዘርግቶ "ማነው? ሰው አለ?" አለ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበርና ውሃና ሳሙና ላቀርብለት እችል ነበር። ወንበሬን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ።