የእትዬ ዘይነባ የአልጋ ራስጌ

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን ነገር ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ ጥቃቅኑን ሁሉ ስናዘዝ ይህችን አንዷን ዘልያት አልፋለሁ። ለምን? ሲናገሯት ትንሽ ስለምትመስል ይሆን? የሰው አልጋ ራስጌ ፈታሁ፤ ምን አለበት? እናንተ የምታነቡት ስሙኝና ፍረዱኝ።

ገንዳ ውሃ ከተማ መጥታችሁ የአልጋ ራስጌ የምትሠራዋ ብርቱካን የት ናት ብትሉ ቤቴን የሚያሳያችሁ አይጠፋም። ሙሽሮች ከቋራ ድረስ እየመጡ ያሠሩኛል። እንዴት ተማርሽው ሲሉኝ «እቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በራሴ» እላለሁ። በማን ንብረት ላይ እንደተማርሁት ግን አልናገርም።

እትዬ ዘይነባ ጎረቤቴ ናቸው። ገበያው ውስጥ ከሱዳን የሚመጣ ሽቶና ቅመም ይሸጣሉ። ባላቸው ጋሽ ኑሩ የትራክተር ሹፌር ነበሩ፤ የእርሻውን ወራት አብደራፊ ይከርማሉ። በአንዱ ዓመት ወባ ይዟቸው ሳንጠግባቸው ሞቱ። የአልጋቸውን ራስጌ የሠሩት በገዛ እጃቸው፣ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ነው። አረንጓዴ ሌዘር አልብሰውታል። እንደ ልብስ ቁልፍ ያሉት ቁልፎቹ ወደ ውስጥ ሰመጥ፣ መካከሉ ነፋ ያለ ነው፤ እንዲያ ያለ ራስጌ በሰፈራችን አልነበረም።

ጋሽ ኑሩ በሞቱ በዓመቱ እትዬ ዘይነባ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ጎንደር ሄዱ። የቤታቸው ጣሪያም በዚያው ሊቀየር ስለሆነ አልጋውን እኔ ዘንድ አስቀመጡት። «እንደ ዓይንሽ ጠብቂልኝ» ነበር ያሉኝ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የተዘጋ ነገር አያስችለኝም። የአባቴን ሬዲዮ በታትኜ ተገርፌያለሁ። ያ ራስጌ ግድግዳዬን ተደግፎ ሲቆም፣ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እጄን እሰድበታለሁ። ቁልፉን ምን ያዘው? ክሩ ወዴት ይሄዳል? ስጫነው ለምን እንደ ስፖንጅ አይመለስም? ጥጥ ይሆን? ጭድ? አፍንጫዬን ሳስጠጋ ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አልጋንና ናፍጣን ምን አገናኛቸው?

አንድ ጥግ ብቻ አልሁ። ከጀርባው ትንንሾቹን ሚስማሮች በጉጠት ነቀልሁ። ጥጉ ምንም አላሳየኝም። ሌላውን ነቀልሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! የቁልፉ ክር በእንጨቱ ቀዳዳ አልፎ ከጀርባ ሚስማር ላይ ተጠምጥሞ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ሌዘሩ ሲገለጥ ልብስ ወጣ። ጉልበቱ የተጣፈ ቱታ፣ ጀለቢያ፣ ካኪ ሱሪ፤ ሁሉም ተጣጥፎ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ፣ በጆንያ ክር ተሰፍቷል። እየፈታሁ አየሁት። ኪሱን ሳይቀር ዳበስሁ። የማን ልብስ እንደሆነ አላወቅሁም ልበል? አውቄያለሁ። ያን ቱታ ለብሰው ሲያልፉ ስንቴ ሰላም ብያቸዋለሁ።

ልመልሰው ስል አልመለስ አለኝ። አስተጣጠፋቸው ጠፋኝ፤ ሌዘሩ በአንድ ጎን ያብጣል፣ በሌላው ይጎደጉዳል። ፈራሁ። ልብሱን ጓሮ አውጥቼ ከቆሻሻ ጋር አቃጠልሁት። ደብቄ ባስቀምጠው አንድ ቀን ይገኝብኛል ብዬ፣ አቃጠልሁት። ከዚያ ስፖንጅ ቆርጬ ሞላሁ፣ ሌዘሩን ወጠርሁ፣ ቁልፎቹን ሳብሁ፣ ሚስማሮቹን በየቀዳዳቸው መለስሁ። ለሚያየው ከበፊቱ ይልቅ ያማረ ሆነ። ኮራሁበት! ይህንንም ቁጠሩብኝ።

እትዬ ዘይነባ ተመለሱ፤ አልጋውም ቤታቸው ገባ። ብዙም ሳይቆዩ አንድ ጠዋት በሬ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ብርቱካን፣ ያ ራስጌ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ፣ እትዬ?»

«ለሰለሰብኝ። ኑሩም አይሸተኝም።»

ያልገባኝ መሰልሁ። ተቀምጠው ነገሩኝ። ጋሽ ኑሩ አብደራፊ ሲሄዱ እትዬ ዘይነባ ብቻቸውን ማደር ይፈሩ ነበር። «እንግዲያው ከራስጌሽ አልጠፋም» ብለው የሥራ ልብሳቸውን ውስጡ ጠቅጥቀው ሰፉት። ከሞቱ ወዲህ ሙቀቱ ሲበረታ ናፍጣው በሌዘሩ ውስጥ ይወጣል፤ እትዬ ዘይነባም ያን እያሸተቱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

«ከፍተው አይተውት ያውቃሉ?» አልኋቸው። ያን ጊዜ እንኳ ማወቅ ፈለግሁ!

«እሱ የዘጋውን እኔ ለምን እከፍታለሁ?» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልብሱ እዚያው እያለ ካልሸተተኝ፣ ሽታውን ረሳሁት ማለት ነው። ገና በዓመቱ! ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?» አሉኝ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌም ተከፍቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጊዜ ሲሄድ እንዲህ ነው፣ እትዬ። ሁሉም ይጠፋል።»

እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉና «እውነትሽን ነው» ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጋሽ ኑሩ ስም ሲነሳ ወሬ ይለውጣሉ። ማቃጠሌ አንድ በደል ነው። ይሄኛውስ? አንዲት ሴት በገዛ ፍቅሯ እንድታፍር ማድረግ ምን ይባላል?

ዓመታት አለፉ። እኔ ባየሁት ሙያ ስም አወጣሁ። ለሙሽሮች የሚያሞግሱኝም እትዬ ዘይነባ ራሳቸው ናቸው።

ባለፈው ወር ራስጌውን በጋሪ አስጭነው አመጡልኝ። ያኔ ጎንደር የተወለደው የልጅ ልጃቸው አድጎ፣ አብደራፊ የትራክተር ሥራ አግኝቷል። «ፍቺውና የኑሩን ቱታ አውጪልኝ። ለልጁ ልስጠው» አሉኝ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ጋራዥ ሄጄ አሮጌ ቱታ ለመንሁ። አመጣሁት፣ አሸተትሁት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ያውቁት ይሆን? ጉልበቱን ብጥፈውስ? መርፌ ላይ ክር ሰክቻለሁ። ያስቆመኝ ጽድቅ አይደለም። የጋሽ ኑሩ ቱታ በምን ቀለም ተጥፎ እንደነበር ላስታውስ ብል አቃተኝ። ኪሱን ሳይቀር የበረበርሁት እኔ፣ ለካ ምንም አላየሁም።

መርፌውን አስቀምጬ ቤታቸው ሄድሁ። ሳላሳምር ሁሉንም ነገርኋቸው። ለምን እንዳደረግሁት አልጠየቁኝም።

«ስታቃጥዪው ናፍጣ ሸተተሽ?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ። ጓሮው በሙሉ።»

«እንግዲያው አልረሳሁትም» አሉ። ደገሙት። «አልረሳሁትማ! እሱ አልነበረም እንጂ።»

በፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ አልሁ። ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

«አላህ ይቅር ይበልሽ። እኔ ግን ገና ነኝ» አሉ።

በማወቅ ጉጉት ላመካኝ እችል ነበር። ጉጉቱ ሚስማሩን ነቀለ እንበል። ክብሪቱን የጫርሁት ግን እኔ ነኝ። «ሁሉም ይጠፋል» ያልሁትም እኔ ነኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ሰላም እላቸዋለሁ። ይመልሱልኛል። ስሜን ግን አይጠሩም፤ እኔም እንዲጠሩኝ አልጠይቅም።