ዘጠነኛው ጥያቄ

ነርሷ ጠዋት ጠዋት፣ የጋዋኗን ቁልፍ እንኳ ሳትቆልፍ፣ በሠላሳ ቅጾች ላይ ቀኑን ትጽፋለች። በአእምሮ ሕክምና ክፍሉ መግቢያ ካለችው ጠረጴዛ ጋር ከተዋወቀች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሐኪሟ ዘንድ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በእሷ ያልፋል።

ቅጹ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ እያለ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱ እንደ ድግግሞሹ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሞላል። ድምሩ ስም ያወጣል፤ ቀላል ድብርት፣ መካከለኛ ድብርት፣ ከባድ ድብርት። ከአሥር በታች ያመጣ ሰው በወሩ እንዲመለስ ይቀጠራል። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ከዜሮ በላይ ያለው ግን፣ ድምሩ ምንም ይሁን ምን፣ ያኔውኑ ሐኪሟ ዘንድ ይገባል።

የድካሙን ጥያቄ ባነበበች ቁጥር ነርሷ ለራሷ በልቧ «ሦስት» ትላለች። ባሏ ድሮ ቤት ስትገባ «ዛሬስ ስንት ሰው አበደ?» እያለ ይቀልድባት ነበር። አሁን ትቶታል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ጥያቄውን እንደ ሰሙ ብድግ አሉ። «ምን በደልኩሽና ነው ሞት የምታሟርቺብኝ?» አሉና ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ወዲህ እንደ ተጻፈው አንብባው አታውቅም። «ያው፣ ክፉ ነገር አያስቡም አይደል?» ትላለች። ሰውም «ኧረ በጭራሽ» ይላል። ዜሮ። በሥልጠናው ደብተር ውስጥ የብዙ ስሜት ትርጉም ሰፍሯል፤ ይሉኝታ የሚል ቃል ግን የለበትም።

ረቡዕ ዕለት አንድ ልብስ ሰፊ ከእህቱ ጋር መጣ። ሃምሳ የሞላው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው።

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«ከእንቅልፍ ጋር ከተኳረፍን ሰነበትን፣ ሲስተር።»

«ምግብስ?»

«የእኔን ድርሻ እሷ ትበላልኛለች» ብሎ በአገጩ ወደ እህቱ አመለከተ።

«አሁን ይሄ ቀልድ ነው?» አለች እህቱ። «እንዳትሸወጂ፣ ሲስተር። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቁልፍ እንኳ አልተከለም።»

ነርሷ በየቀልዱ ፈገግ እያለች አንድ፣ አንድ ሞላችለት። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ ጠየቀች። «ኧረ ሲስተር!» ብሎ ሳቀ። ዜሮ። ድምሩ ስምንት መጣ፤ ቀላል ድብርት። የአንድ ወር ቀጠሮ ጻፈችለት።

እህቱ የቀጠሮውን ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች አጉረመረመች። «የስፌት መኪናውን እንኳ ለጎረቤት ሰጠው። መርፌ የማያስነካ ሰው!»

«ዓይኔ ደክሟል፤ እሱ ይሥራበት» አለ ልብስ ሰፊው።

«መተኮሻውንስ? አዲሱን ካፖርትህንስ? እሱም ዓይንህን አሞህ ነው?»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በድንገት ንብረቱን ማከፋፈል የጀመረ ሰው ምን ሊያስብ እንደሚችል በሥልጠናው ተምራለች፤ ፈተናም ላይ መጥቶላት ነበር። ከውጭ አሥራ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ልብስ ሰፊው በሩ ጋ ደርሷል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይመለሱ። አንዱን ጥያቄ በደንብ አልጠየቅኩዎትም። እህቴ፣ አንቺ ውጭ ትንሽ ጠብቂ።»

በሩን ዘጋች። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ እንደ ተጻፈው አነበበችለት፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብሞት ይሻላል ብለው፣ ወይም ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?»

ልብስ ሰፊው አልሳቀም። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ በቅጹ ላይ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለውን አሳያት። ሦስት።

ክንዱን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ አስገባችው። እሱ ታይቶ ሲያበቃ ተመልሳ ገባችና ስለ ዜሮዎቹ ተናገረች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ሐኪሟ።

«ዘጠኝ ዓመት።»

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አልጮኸችም። «የዚህን ወር ቅጾች በሙሉ አምጪልኝ» አለች።

ልብስ ሰፊው ከሰዓት በኋላ አልጋ ተሰጠው፤ እህቱም ቅያሪ ልብስ ልታመጣለት ወደ ቤት ሄደች። ነርሷ ከነገ ጀምሮ፣ ሰልፉ እንዳለቀ፣ ለታካሚዎቹ በየተራ እየደወለች ዘጠነኛውን ጥያቄ ትጠይቃለች። የዚህ ወር ታካሚዎች ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው።