ሁለት ንጉሥ ይዞ ከአራት ሰው ጋር

የአሰላ ብርድ ሰው አይመርጥም ይላሉ፤ እኔን ግን መርጦኛል። ለመምህርነት ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ ነበር። ሰኞ ያጠብኩትን ካልሲ ሐሙስ ስነካው ገና ሰኞ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ሲለቀቅ በዚያው ቀን ሄጄ አከራዬን ለመንኩ። ችግሩ፣ ጎረቤቴ ነርሷም በዚያው ቀን ሄዳ ለምናለች። የእሷም ክፍል ከእኔ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም፤ ነጭ ጋውኗን እርጥቡን ለብሳ ሥራ የምትገባበት ቀን ብዙ ነው።

ጋሼ፣ ማለት አከራያችን፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ እምቢ የሚባል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ለሁለታችንም «ችግር የለም፣ ግቡበት» ብለውናል። ኋላ ሲጨንቃቸው «እንግዲህ እናንተው ተስማሙ» አሉን። ይኼን ጊዜ ልቤ አበጠና «በፖከር ይለይልን» አልኩ። ክረምቱን ሙሉ ለግቢው ሰው ፖከር ያስተማርኩት እኔ ነኛ! መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ በስልኬም ከስንት አገር ሰው ጋር ተጫውቻለሁ።

እሁድ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የጋሼ ባለቤት እትዬ «ሁለት ሰው ብቻ ፊት ለፊት ካርታ ሲይዝ ጸብ ይመስላል» ብለው እሳቸውም፣ ጋሼም፣ ሌላው ተከራይ የበቆጂው የእርሻ ባለሙያም ገቡበት። መወራረጃችን የገብስ ቆሎ ነው። ምሳ ሲደርስ ከእኔና ከነርሷ ብዙ ቆሎ ያለው ክፍሉን ይወስዳል።

ለማያውቀው ላስረዳ፦ ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፤ አምስት ደግሞ መሐል ላይ ቀስ በቀስ ይገለጣል። ሁለት ንጉሥ የያዘ ሰው አንድ ተጫዋች ብቻ ከገጠመው ጌታ ነው። አራት ከገጠሙት ግን ከአራቱ አንዱ ካርታው መሐል ከተገለጡት ጋር ገጥሞለት ንጉሦቹን የሚበልጥ ነገር አያጣም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ ብዙ አስይዞ ሌሎቹን አስፈራርቶ ማስወጣት ነው። መጽሐፉ እንዲህ ይላል። ጸሐፊው አርሲን አላየም።

ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። አንድ እፍኝ ቆሎ ዘግኜ መሐል ላይ ጣልኩ። የበቆጂው ሰው ካርታውን እንኳ ሳያይ እሱም ዘግኖ ጨመረ።

«ምን ይዘህ ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ታዲያ ብቻህን ልንተውህ ነው?»

«ውይ በሞትኩት፣ ብቻውን!» አሉና እትዬም ጨመሩ። ነርሷም ተከተለች። ጋሼም ጨመሩ፤ ከጨመሩት ላይ ግን መልሰው ይቆረጥሙ ነበር። መሐል ላይ ሁለትና ሰባት ወጣ። እትዬ ሁለትና ሰባት ይዘው ኖሯል።

«ይኼ ደግሞ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁለት ጥንድ ይባላል፣ እትዬ። በልተዋል።»

ቀጥሎ ሁለት አስር ሲደርሰኝ ስልት ቀየርኩ። ትንሽ አስይዤ ድምፄን አጠፋሁ። አሁንም ሁሉም ገቡ፣ አሁንም ተበላሁ። ዘልዬ ስገባም አምስት፣ አድፍጬ ስገባም አምስት! በዚህ ግቢ ከጨዋታ ጥሎ መውጣት ከሰው ማዕድ ሳይቀምሱ እንደ መነሣት ነው።

ሁለቱ ንጉሦች ዳግመኛ ሲመጡልኝ የበቆጂው ሰው እጅ ገና ወደ ቆሎው ሲሄድ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ማሎ!» አልኩ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ ወደዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የለመድኩት ቃል እሱ ነው። «ማሎ፣ ይቺን እንኳ ተዉልኝ!»

እጁ ባለበት ቆመ። «ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው፤ ካርታውንም አስቀመጠ። እትዬም አስቀመጡ፣ ነርሷም አስቀመጠች። ጋሼማ ተቆጡ። «አፍ አውጥተህ አትናገርም? እኛ በምን እንወቅልህ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማሎ እያልኩ ቆሎውን ወደ ራሴ ዛቅሁት። በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ ስልት አገኘሁ ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ነርሷ ከካርታዋ ይልቅ እኔን ታይ ነበር።

ወጡ ሲደርስ እትዬ «ይቺ የመጨረሻ ትሁን» አሉ። ሁለት አስ ደረሰኝ፤ አስ ከንጉሥም ይበልጣል። መሐል ላይ ሦስተኛው አስ ተገለጠ። ያለኝን ቆሎ በሙሉ ገፋሁት፤ ማሎ ማለትም አላስፈለገኝ። እንዲያውም ሁሉም በገቡልኝ!

ነርሷ የራሷን ቆሎ በሙሉ ገፋችና «ማሎ» አለች። ሦስቱም ወዲያው ካርታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ማሎ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሦስት አስ ይዣለሁ! ክፍሉ በእጄ ነው! ጋሼን ባያቸው ካርታዬን የማስቀምጥበትን ቦታ ከፊቴ ላይ እየጠረጉልኝ ነው። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ» ነው፤ ካርታዬንም አስቀመጥኩ። ሦስት አስ መያዜን ማንም ሳያውቅልኝ ቀረ፤ ከክፍሉ ይልቅ ይኼ የከነከነኝ ጊዜ አለ።

ከምሳ በኋላ ከበቆጂው ሰው ጋር አልጋዋን ተሸክመን አሻገርንላት። ፀሐዩ እስከ ግድግዳው ድረስ ገብቷል። የአልጋውን ጫፍ እንደያዝኩ ትንሽ ቆሜ ሞቅሁ። ጋሼ በሩ ላይ ሆነው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጎበዝ» አሉኝ፣ «አሁን ጨዋታው ገብቶሃል።»