የባሌ አፍንጫና የጣሊያኗ ውሻ

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ እንደ ባሌ ማስክ የሚያከብር ሰው አልነበረም። ሌላው ሰው አገጩ ላይ አንጠልጥሎት ሲዞር፣ እሱ ጠዋት የሱቁን በር ሳይከፍት ያጠልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ አፍንጫውን ያየ የለም። ስፓዛችን፣ የሰፈር ሱቃችን ማለት ነው፣ የብረት ፍርግርግ አለው። ደንበኛ ከፍርግርጉ ጀርባ የሚያየው ሁለት ዓይንና አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ብቻ ነው። በየቀኑ ከእኛ ዳቦ የምትገዛ አንዲት ጎጎ ነበረች፤ እዚህ አሮጊት ሁሉ ጎጎ ነው የሚባለው። ለልጅ ልጆቿ ባሌን እየጠቆመች "ከማይ ፍሬንድ ተማሩ" ትላቸዋለች። ማይ ፍሬንድ እንግዲህ የሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስም ነው።

መጀመሪያ እኔም ኮርቼበት ነበር። በኋላ ግን ነገሩ በዛ። ከእኔ ጋር አብሮ መብላት ተወ። ሳህኑን ይዞ ወደ ዕቃ ክፍሉ ይገባና በበቆሎ ዱቄት ጆንያዎች መካከል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ብዙም ሳይቆይ ፍራሹን እዚያው አስገባ። ለምን ስለው "እንዳላስይዝሽ ነው" ይለኛል። ቀኑን ሙሉ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ስንጋፋ ያልያዘኝ፣ ምሳ ስንበላ ነው የሚይዘኝ?

እንዲህ ሲሆን አንዲት ሚስት ምን ታስባለች? እኔም ያንኑ አሰብኩ። ሌላ ሴት አለች አልኩ። መንገዱ በፖሊስ ተዘግቷል፣ ሰውዬው ከሱቅ ወጥቶ አያውቅም፣ ከጆንያ በቀር ማንን ሊወድ ይችላል? ቅናት ግን ይህን ሁሉ አይሰማም። ጠልቶኛል ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ፤ እሱ ሽንኩርት ነው ያስለቀሳት ብሎ ያስባል።

እውነቱን ያወጣው በርበሬ ነው። አንድ ጠዋት ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን፣ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ ከከተማው የሐበሾች ገበያ፣ ከጀፕ፣ ያመጣልንን በርበሬ ይዞ ገባ። ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው ከረጢቱ ተቀደደ። ሦስታችንም ማስነጠስ ጀመርን። በርበሬ የገባበትን ማስክ አድርጎ ደግሞ ማንም ሰው ሊያስነጥስ አይችልም፤ ባሌ ሳይወድ በግዱ ነጥቆ አወለቀው።

አፍንጫው ጫፍ ላይ ባቄላ የሚያህል ቁስል ነበር፤ ጠርዙ አብጧል፣ መሐሉ ገብቷል። ይህ ሰው ፈጣሪ ከሰጠው ሁሉ በአፍንጫው ነው የሚኮራው። የጋይንት ሰልካካ እያልኩ የምቀልድበት አፍንጫ ነው።

ጎረቤታችን ደነገጠ። "ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለው።

"ምንም አይደል" አለ ባሌ ዓይኑን እየጠረገ። "የሌሊት ወፍ ነው።"

ባሌ ባደገበት አገር እንዲህ ያለው ቁስል ቁንጭር ይባላል። የሌሊት ወፍ ሽንቷ ፊት ላይ ሲያርፍ የሚወጣ ነው ይላሉ። ለእሱ "የሌሊት ወፍ ነው" ማለት "ብርድ መታኝ" እንደማለት ነው። የሆሳዕናው ልጅ ግን ይህን ከየት ያውቃል? በዚያ ሰሞን የሌሊት ወፍ ከተባለ ዓለም ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። የራሱን ድርሻ በርበሬ እንኳ ሳያነሳ ሮጠ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ ጀፕ ያለው ሐበሻ ሁሉ ኮሮናን ያመጣችው ራሷ የሌሊት ወፍ አይቮሪ ፓርክ መጥታ አንድ የእኛን ሰው እንደነከሰች ሰማ። ዕቃ የሚያመጣልን መኪና በዚያው ቀረ። እኛም ሱቃችንን ዘግተን ተቀመጥን።

ለብቻችን ስንሆን ወረድኩበት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልክ ለደንበኛ ሁሉ የምትተርተው አንተ አይደለህም እንዴ?"

ጆንያ ላይ ተቀመጠና ነገረኝ። ኮሮና ከመግባቱ በፊት ለአባቱ ተስካር አገር ቤት ሄዶ ነበር። ዳሱ የተጣለው ሽኮኮ በሚመላለስበት ገደል ሥር ነው፤ አመሻሽ ላይ እዚያ ይቀመጡ ነበር። ተመልሶ ከመጣ ከወራት በኋላ፣ እዚህ የሰኔ ብርድ ሲገባ፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ እብጠት ወጣ። የፋርማሲ ቅባት ምንም አላደረገለትም። እሱን የሚያስፈራው ደግሞ የአጎቱ ነገር ነው። አጎቱን በወጣትነታቸው ቁንጭር ይዟቸው አፍንጫቸውን በልቶታል። ከዚያ ወዲህ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው ነው የሚኖሩት። ገበያ አይወጡ፣ ሠርግ አይሄዱ፤ ሚስትም ሳያገቡ ቀሩ።

"አጎቴን ሰው የሚያያቸውን አስተያየት አውቀዋለሁ" አለኝ። "አንቺ እንደዚያ እንድታዪኝ አልፈለግኩም።"

ከጆንያው ኋላ አንድ ወፍራም ሚስማር አወጣ። በማግስቱ ጋዙ ላይ አግሎ ቁስሉን ሊያቃጥለው ነበር፤ በአገራቸው እንዲህ ነው የሚደረገው። ሚስማሩን ነጥቄ መጸዳጃ ቤት ጣልኩት። ሁለት ወር ሙሉ ጠልቶኛል ብዬ ሳለቅስ፣ እሱ ለካ እንዳልጠላው ፈርቶ ነው። ልመታውም ላቅፈውም ፈለግኩ። በመጨረሻ ስልኩን አንስቼ ታላቅ እህቱ ጋ ደወልኩ።

እትዬ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ አንዲት አሮጊት ትጦራለች። ወንድሟን በቪዲዮ እንዳየች "ጠጋ በል፣ ወደ ብርሃኑ ዙር" አለችው። ከዚያ ድንገት ጠፋችና አንዲት ቡናማ ውሻ ታቅፋ ተመለሰች። የውሻዋን አፍንጫ ካሜራው ላይ ለጠፈችው። "ቁርጥ አንተን!" አለች።

ባሌ ተቆጣ። "ከውሻ ጋር ታወዳድሪኛለሽ?"

"የሷ ድኗል፤ ያንተ ነው የባሰው" አለችው።

የአሮጊቷ ውሻ አፍንጫዋ ቆስሎ፣ በዓይኖቿ ዙሪያ ያለው ፀጉር ረግፎ ነበር አሉ። የእንስሳት ሐኪሙ የአሸዋ ዝንብ ናት ያመጣችው ብሎ ነገራቸው። ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅ የላትም፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወጥታ ትነክሳለች። ለዚህ ነው ውሻዋ ዝንቧን የሚያባርር መድኃኒት ያለበት ቀበቶ አንገቷ ላይ ታስሮላት አመሻሽ ላይ ወደ ቤት የምትገባው። አሮጊቷ በልጅነቷ በሽታው የባሕር ዳር ነበር ትላለች፤ አሁን ክረምቱ አልበርድ ስላለ ተራራ ላይ ያሉት ዘመዶቿም ለውሻቸው ቀበቶ ይገዛሉ። እትዬ ሐኪሙን ስለ አገር ቤቱ ቁንጭር ጠይቃው ነበር። የበሽታው ዘር ይለያል እንጂ ቤተሰቡ አንድ ነው፤ ያንተን ከሽኮኮ ወስዳ ያቀበለችህ ዝንቧ ናት አለችው።

"የሌሊት ወፏስ?" አለ ባሌ።

"እሷ ምንም አታውቅም። በነገሩ ውስጥ የለችበትም።"

"አባቴ ዋሽቶ ነው?"

"አባታችን ዝንቧን አላያትማ! አንተስ ስትነክስህ አይተሃታል?"

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ በትንፋሽ ይተላለፋል? አይተላለፍም አለች። በዚያው ቀን ፍራሹን ከጆንያዎቹ መካከል አወጣሁት።

ከተማ ያለው ሆስፒታል ሄደን ለአንዲት ወጣት ሐኪም የጣሊያኗን ውሻ ታሪክ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን ትታ ቁስሉን ጫር አድርጋ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ እትዬ ያለችው ሆነ፤ ወረቀቱን ለሆሳዕናው ልጅ አሳይተን ሱቃችንን መልሰን ከፈትን። እዚህ አገር ይህን በሽታ ከመጽሐፍ በቀር ያየ ሐኪም ጥቂት ነው መሰለኝ፣ በየቀጠሮው አዳዲስ ሐኪሞች ተሰብስበው ሊያዩት ይመጡ ነበር። አፍንጫው በመጨረሻ የሚገባውን አድናቂ አገኘ። ለወራት እየተመላለስን ቁስሉን በኃይለኛ ቅዝቃዜ እያቃጠሉለት ዳነ። ጠባሳውና ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ ስርጉድ ግን ቀሩ።

በዚህ መሃል አማቴ በስልክ አንድ ነገር ነገረችን። አጎቱ በኮሮና ጊዜ ገበያ መውጣት ጀምረዋል። ሰው ሁሉ ፊቱን ስለሸፈነ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ባሌ ይህን ሲሰማ ማስኩን አስተካክሎ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ።

የማስክ ግዴታ ሲነሳ ጎጎ ሳትቀር አወለቀች። ባሌ ግን አላወልቅም አለ። አንድ እሑድ ግን ራሱ ለእናቱ በቪዲዮ ደውሎ "ስልኩን አጎቴ ጋ ውሰጂልኝ" አላት። አማቴ ስልኩን ያዘችላቸው። ከባሌ ጎን ሆኜ ሳይ፣ ዓይናቸውና ጋቢያቸው ብቻ ይታያል። ባሌ "አጎቴ፣ ይዩኝ" ብሎ ማስኩን አወለቀ።

አጎቱ ረጅም ጊዜ አዩት። "ይቺ ናት?" አሉ። "ለዚች ብለህ ነው ሚስትህን ትተህ ከጆንያ ጋር የተኛኸው?"

"አንቱስ ስንት ዓመት ሸፈኑት?" አላቸው።

አማቴ ደንግጣ ልትገሥጸው ጀመረች። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ጋቢውን ወደ አገጫቸው አወረዱት። አፍንጫ በነበረበት ቦታ ጎድጓዳ ጠባሳ አለ። ዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ጉንጩም አገጩም፣ የባሌ ነው። ዓይኔን ከፊታቸው አላነሳሁም።

"አየሽኝ እንግዲህ፣ ልጄ" አሉኝ። "እንዴት ነኝ?"

"ከባሌ ይሻላሉ" አልኳቸው።

ባሌ አኮረፈ። አጎቱ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሲስቁም ጋቢውን ወደ ፊታቸው መመለስ ረሱ።