ግንዱን የጎተትኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኳትም። በእኛ ቸርች ለቄስ መናዘዝ የሚባል ነገር የለም፤ ተንበርክከህ ለእግዚአብሔር ትነግረዋለህ፣ ይበቃል። እኔም ነግሬዋለሁ፣ ያውም ስንት ጊዜ! ግን እሱ ድሮም ያውቀው ነበር። የማያውቀው ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ ለእናንተ ለሰዎቹ ልናገር።

ታምራት እባላለሁ። ከወላይታ ወደ ሱሉልታ የመጣሁት ሥራ ፍለጋ ነው። ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ ገበሬ ለወተት ላሞቻቸው ቀጠሩኝና ሰባት ዓመት እሳቸው ጋ ኖርኩ። ላሞቹን የማበላው በአንዲት ትንሽ አሮጌ ትራክተር ነበር። ቀለሟ ለቋል፣ መቀመጫዋ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሏል። ባትሪዋ ስለማይረባ ዳገት ላይ ነበር የምናሳድራት፤ ጠዋት ቁልቁል ስትንደረደር ማርሽ አስገብቼ አስነሳታለሁ። ተሳቢዋን አስሬ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ክምር ድርቆሽ ጭኜ እመጣና ገንዳው ዳር ለዳር በዝግታ እየነዳሁ አራግፋለሁ። ላሞቹ የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ከተኙበት ተነስተው ይሰለፉ ነበር። መንዳት ያስተማሩኝ ራሳቸው ኦቦ ዲንቃ ናቸው። አጠገቤ የጎማው መሸፈኛ ላይ ተቀምጠው «ቀስ በል! ላም ልታበላ እንጂ ልትዘምት አይደለም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ባህር ዛፉ ጥግ ይዘውኝ ሄዱና «እዚህ ጋ ቤትህን ሥራ። አግባ። አንተ የቤት ልጅ ነህ» አሉኝ። ወረቀት አልጠየቅኩም። አባት ወረቀት ይጠየቃል እንዴ? እሑድ ከቸርች ስመለስ ድንጋይ እየለቀምኩ መሠረት አወጣሁ። አገር ቤት ላለችው እጮኛዬም ቤት ጀምሬያለሁ ብዬ ላክሁባት።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ሰፍታ መሬታችንን ልትውጥ ነው ተባለ። ወጣቱ ተቆጣ፤ ኦቦ ዲንቃ ግን ፈሩ። ፈሩና ያችን የባህር ዛፍ ጥግ ለእኔ ሳይነግሩኝ ሸጧት። ከማን የሰማሁ ይመስላችኋል? ካስማና ገመድ ይዞ የእኔ መሠረት ላይ ከቆመ ከማላውቀው ሰውዬ። «ይሄን ድንጋይ ማነው የከመረው? አንሳልኝ» አለኝ። እኔው በትራክተሯ ጭኜ አነሳሁለት።

ኦቦ ዲንቃን ስጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ካልሸጥኩት በነፃ ይወስዱታል፤ ምን ላድርግ?» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ወደ በረቱ ገቡ። እኔም ነገሩን በሆዴ ያዝኩት። ልጅ ነኝ ብዬ የኖርኩበት ቤት ለካ ሎሌ ነበርኩ! ከዚያ በኋላ ሰላምታቸው ሁሉ ይመረኝ ጀመር። ተክጄ ነበር። ይህን ዛሬም አልሸሽገውም፤ እውነትም ተክጃለሁ። ግን እኔ ልናዘዝ የተቀመጥኩት የእሳቸውን ኃጢአት አይደለም።

ወሩ ሳይሞላ ወጣቱ ለተቃውሞ መንገድ መዝጋት ጀመረ። ያን ጠዋት ለድርቆሽ ወደ ማዶ ስሻገር የሰፈሩ ወጣቶች አስቆሙኝ። ባህር ዛፍ ቆርጠው ጥለዋል፣ አስፋልቱ ላይ የሚጎትትላቸው ፈልገዋል። ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን አንደኛው «ካልፈለግክ እለፍ፤ ኦቦ ዲንቃን አናስቀይምም» ብሎኛል። ማለፍ እችል ነበር። የዚያ ካስማ የያዘው ሰውዬ መኪና እንዳታልፍ ብዬ ወርጄ ሰንሰለቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ግንድ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ድርቆሼን ጭኜ ተመለስኩና ላሞቹን አበላሁ። ኦቦ ዲንቃ በረት ውስጥ የታመመች ጊደር መድኃኒት እየጋቱ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ የታጠቁ የመንግሥት ሰዎች የጎማዋን ዱካ ተከትለው ግቢ ገቡ።

«ይቺን ማነው የነዳት?» አለ አለቃቸው።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

በደሌ እዚህ ጋ ነው። «ማንም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ወደ ኦቦ ዲንቃ አየሁ። ፈርቼ ነበር፣ አዎ፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር። እስቲ አሁን ደግሞ እርስዎ ይቅመሱት የሚል ነገር። እጄን ዘርግቼ «እሳቸው ናቸው» አልኩ።

«አና?» አሉ ኦቦ ዲንቃ። በኦሮምኛ «እኔ?» ማለት ነው። እኔን ሎሌ ነው ብለው ትተው እሳቸውንም ትራክተሯንም ወሰዱ።

ባለቤታቸው አዴ ወርቂቱ እያለቀሱ መጡ። «ታምራት፣ እውነት እሱ ነው ያዘዘህ?» አሉኝ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አዎ» አልኩ። «ቤቱን አፈረሰው! በዚህ ዕድሜው ምን ነካው?» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባላቸው ተቀየሙ፤ ለእኔ ግን አዘኑልኝ። የታዘዘ ምስኪን አደረጉኝ። ምሳዬን በእጃቸው ያቀርቡልኝ ነበር፣ እኔም እበላ ነበር። እንዴት ዋጥኩት?

ድርቆሹን በጀርባዬ ተሸክሜ ለሁሉም ላሞች ማዳረስ አልቻልኩም። ላሞቹ ከሱ፣ ወተታቸው ነጠፈ፣ አንድ በአንድ ተሸጡ። ኦቦ ዲንቃ ከአምስት ወር በኋላ ሲፈቱ በረቱ ውስጥ ሁለት ላሞች ብቻ ቀርተው ነበር። ሳል ይዟቸው ነበር የተመለሱት።

በማግስቱ በረት ውስጥ አስጠሩኝ። አልጮሁብኝም። «መሬቱን ስሸጥ በድዬሃለሁ» አሉ። «አንተም በደልከኝ። እኔ ስበድልህ ግን አንተ አልታሰርክም።» ሳላቸው እስኪበርድላቸው ጠበቁና «አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ለወርቂቱ አንተው ንገራት። እኔ ብነግራት አላመነችኝም፤ ድሃውን ልታሳብብበት ነው አለችኝ» አሉ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ማልኩላቸው።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ልብሴን በከረጢት አድርጌ ወደ ሰበታ ጠፋሁ። ምላሴ ያንን ያህል ቀላል ሆኖ ሰው ሲያሳስር፣ እውነት መናገር ሲሆን ለምን ከበደኝ? ሰበታ ፋብሪካ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ኦቦ ዲንቃ በሁለተኛው ዓመት እንዳረፉ ከሰው ሰማሁ። ለቀብር አልሄድኩም።

ባለፈው ዓመት ቡራዩ ገበያ ስሄድ አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከኋላዬ በስሜ ጠሩኝ። አዴ ወርቂቱ ነበሩ። አቅፈው ሳሙኝ። ልጆች እንዳሉኝ ጠየቁ፣ መረቁኝ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ልጄ፣ ያንን መከራ ያመጣብህ እሱ ነው። እኔም እንደተቀየምኩት፣ ሳልታረቀው ሞተ። አሁን አፈር ሆኗል። አንተ እንኳ ይቅር በለው» አሉኝ።

ሰው በሞላበት ገበያ መካከል፣ እጄ በእጃቸው ውስጥ እንዳለ፣ እኔ ምን አልኩ?

«ይቅር ብያቸዋለሁ» አልኩ።

አዴ ወርቂቱ «እፎይ» ብለው አለቀሱ።

ተክጄ ነበር ብያችኋለሁ። የተካድኩት ግን አንድ ቁራሽ መሬት ነው። እኔ የካድኩት ሰውዬውን ነው፤ በሕይወት ሳሉም፣ ከሞቱ በኋላም። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ ሴትዮ ሱሉልታ አሉ፤ ከሰበታ በሚኒባስ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። እስከዛሬ አልሄድኩም።