የሹፌሩ ታኮ

የውኃ ቦቴው ሹፌር በየማለዳው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ከኋላ ጎማው ሥር ታኮውን ያወጣል። ታኮው ከበረሃ ያነሳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ መጠኑ እንደ ዳቦ፣ ክብደቱ ግን ወገብ ይቆርጣል። ከሰማይ የወደቀ ነው እያለ ስለሚምል ጓደኞቹ እሱን ራሱን «ሰማይ ቤት» ይሉታል።

ዛሬ ተሸክሞ የድንጋይ መርማሪዋ ዘንድ ወሰደው። ማግኔቷ ልጥፍ አለበት።

«ይሄ አይበቃም ጋሼ። የብረት ፋብሪካ ዝቃጭም ማግኔት ይስበዋል። ከሰማይ ሲወርድ የተቃጠለ የላይኛው ቅርፊት ቢኖረው ይነግረን ነበር፤ እሱን ደግሞ ጎማዎ ፍቆ ጨርሶታል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

«መሰንጠቅ ነው። ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ከሆነ ዝቃጭ ነው።»

«ያኔማ ዕድሜ ልኬን መሳቂያ ሆንኩ!» አለና ድንጋዩን ራሱ አንስቶ ጥግ ላይ ያለው የድንጋይ መጋዝ ላይ አስቀመጠው። «ይሁን፣ ቁርጡን ልወቅ።»

መርማሪዋ የመጋዙን ማቀዝቀዣ ውኃ ከፈተችና መጋዙን አስነሳች።